ሁለት ሰው ባለበት ክፍልም ምርምር ይሠራል

ጥያቄ፦ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኦኩፔሽናል ቴራፒ (የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን መልሶ መሥራት እንዲችል በሚያግዘው ሙያ) ተመርቄ ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል እሠራለሁ። በክፍሉ ያለነው ሁለት ብቻ ነን። አስተዳደሩ «ሥራችሁ ለውጥ ማምጣቱን በጥናት አሳዩንና ሰፊ ክፍል እንሰጣችኋለን» ይለናል። ባልደረቦቻችን ደግሞ «ምርምር የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሥራ ነው፤ እናንተ ታካሚ እዩ» ይሉናል። በጀት የለንም፤ የሙያ ጆርናሎችንም እንደ ልብ አናገኝም። በሙያችን ውስጥ ምርምርን እንዴት መደገፍ እንችላለን? ሁለተኛ ዲግሪ እስክማር ልጠብቅ ወይስ አሁን መጀመር ይቻላል?

ምላሽ፦

እኅቴ፣ አብሽሪ። አሁን መጀመር ይቻላል፤ ሁለት መሆናችሁም ከምታስቢው በላይ ይጠቅማችኋል። እንዴት እንደሚጠቅማችሁ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ከምን መራቅ እንዳለብሽ ልንገርሽ፤ አብዛኛው ጀማሪ አቅሙን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነውና።

በየኮሌጆቻችን መደርደሪያ ላይ «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ርዕስ የያዘ የመመረቂያ ጽሑፍ ሞልቷል። ጥቂት መቶ ሰዎች አንድ ጊዜ መጠይቅ ይሞላሉ፣ መረጃው ወደ ኮምፒውተር ይገባል፣ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ «ተያያዥ» ሆነው ይገኛሉ፣ ጽሑፉም «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ያለው ሥራ ለጤና ቢሮ ዕቅድ ይረዳ ይሆናል፤ የአስተዳዳሪሽን ጥያቄ ግን አይመልስም። እሱ የጠየቀሽ በደሴና አካባቢዋ ስንት ሰው እጁ አልታዘዝ እንዳለው አይደለም። አንቺ ዘንድ የመጣ ሰው ሳይመጣ የማይችለውን ምን መሥራት ቻለ ነው ያለሽ። ለዚህ ጥያቄ በደንብ የተለኩ አምስት ታካሚዎች ከአምስት መቶ መጠይቆች የተሻለ መልስ ይሰጣሉ።

«ምርምር የመምህራን ነው» ለሚሉሽ ደግሞ የሙያውን የልደት ወረቀት አሳዪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1917 በአሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ማኅበር ሲመሠርቱ፣ ከዓላማዎቻቸው አንዱ አድርገው የጻፉት ሥራ በሰው ልጅ ላይ የሚያሳድረውን ውጤት ማጥናት ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል አርክቴክት፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የማኅበራዊ ሥራ ልምድ ያላት ሴትና የቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ሙያው ለረጅም ጊዜ ከማስረጃ ይልቅ በእምነት ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስተዳዳሪሽን ሊያሳምነው የሚችለው ትልቅ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ 361 አረጋውያን በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ለዘጠኝ ወራት ከኦኩፔሽናል ቴራፒስት ጋር ሠሩ። ሁለተኛዎቹ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች በሚመሩት የጨዋታና የመዝናኛ ቡድን ውስጥ ቆዩ። ሦስተኛዎቹ ምንም አልተደረገላቸውም። በጤና፣ በተግባር አቅምና በኑሮ እርካታ የተሻሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የመዝናኛው ቡድን ግን ምንም ካልተደረገላቸው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ግኝት ነው፤ «የእናንተ ሥራ ሰውን ማጫወት አይደለም ወይ?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ ኖቲንግሃም በስትሮክ ተመትተው ሆስፒታል ያልገቡ 185 ሰዎች ተጠኑ፤ ቴራፒስት እስከ አምስት ወር ድረስ ቤታቸው እየሄደ የሠራላቸው ሰዎች በ6ኛው ወር በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ካልተጎበኙት በልጠው ተገኙ።

እነዚህን ሁለቱን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈሽ ለአስተዳደሩ ብትሰጪ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ግማሹ ብቻ ነው ግን። የሎስ አንጀለሱ አዛውንት ምጣድ ፊት አይቀመጥም፤ የኖቲንግሃሟም ሴት ጀሪካን ተሸክማ ዳገት አትወጣም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምርምርን መደገፍ የሚባለው ነገር ለወሎ ቴራፒስት የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል። በየዋርዱ የምናየው ባርቴል የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ነው። አሥር ነገሮችን ይጠይቃል፤ መብላት፣ መታጠብ፣ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ደረጃ መውጣት የመሳሰሉትን። ከመቶ ይታሰባል። መጥፎ መለኪያ አይደለም፤ የሚያየው ግን ሰው ያለ አስታማሚ መኖር መቻሉን ብቻ ነው። ከኩታበር የመጣች እናት በባርቴል ከመቶ መቶ አግኝታ ጀበና ማንሣት ሊያቅታት ይችላል። ጀበና ማንሣት ካቃታት ቡና አፍልታ ጎረቤት አትጠራም፤ ጎረቤት ካልጠራች ከሰፈሩ ወግ ወጣች። ሱጁድ ወርዶ መነሣት ያቃተው አባት፣ መሶብ ዙሪያ ዝቅ ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ መቋሚያ ይዞ መቆም የተሳነው ዲያቆን፤ ባርቴል እነዚህን ሁሉ «ጤነኛ» ብሎ ያሰናብታቸዋል።

አገራችን ውስጥ ይህን ክፍተት ያዩ ሰዎች አሉ። ቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያጠኑ ተመራማሪዎች የዓለም ጤና ድርጅትን የአካል ጉዳትና ተግባር መለኪያ በአማርኛ ፈትሸው ከማቅረባቸውም በላይ፣ የገጠሩ ሰው ራሱ «መሥራት ማለት ይህ ነው» ከሚለው ተነሥተው የቡታጅራን የተግባር መለኪያ ሠርተዋል። እዚያው አቅራቢያ በሶዶ ወረዳ በስኪዞፍሬኒያ ለተጠቁ ሰዎች የተደረገው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ (ታካሚው ወደ ዕለት ኑሮው እንዲመለስ የማገዝ) ሙከራ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም፣ ዋናው መለኪያ ሰዎቹ በኑሯቸው ውስጥ ምን ያህል መሥራት ቻሉ የሚለው ነበር። ስለዚህ ከባዶ አትነሺም። የወሎ ሰው ዕለታዊ ተግባሮች ዝርዝር ግን ከታካሚዎችሽ አፍ ተለቅሞ መጻፍ አለበት፤ ለዚህ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ታካሚው ካርድ ክፍል ቆይቶ አንቺ ዘንድ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ቤትዎ ሲመለሱ ምን መሥራት ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» ይሁንና መልሱን በራሱ ቃል ጻፊው። በጥቂት ወራት ውስጥ ማንም የሌለው መረጃ በእጅሽ ይሆናል።

አሁን ወደ መለካቱ። በስትሮክ ቀኝ እጇ የደከመ አንዲት እናት እንውሰድ። እሷ የመረጠችው እንጀራ መጋገርን ነው እንበል። ሕክምናውን ከመጀመርሽ በፊት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቀናት እንድትሞክር አድርጊና እያየሽ መዝግቢ። ሊጡን ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ስታፈስ እጇ የት ላይ ይቆማል? አክንባሎውን በአንድ እጅ ነው በሁለት የምታነሣው? እንጀራውን ወደ ሰፌድ ስታወጣ ይቀደዳል? ያለ ሰው እርዳታ ስንት እንጀራ አወጣች፣ ስንት ጊዜ አረፈች? ሆስፒታሉ ውስጥ ምጣድ የለም የምትይ ከሆነ የታካሚዎች ምግብ ማብሰያ ክፍል አለ፤ ኃላፊዋን ለምኚ። በባዶ እጅ «እንደምትጋግሪ ሆነሽ አሳዪኝ» ማለት ግን መለካት አይደለም። ሦስቱን የመነሻ ውጤቶች በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ አስቀምጪ። ከዚያ ሕክምናውን ጀምረሽ በየሳምንቱ በተመሳሳይ መንገድ እየለካሽ ነጥቦቹን ቀጥዪ።

«በስትሮክ የተመታ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ሕክምናም ይሻሻል የለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም አይጠፋም። ትክክል ነው፤ መልስም አለው። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸውን ሦስት ሰዎች ያዢ። የመጀመሪያዋን ከሦስት ልኬት በኋላ፣ ሁለተኛዋን ከአምስት፣ ሦስተኛዋን ከሰባት ልኬት በኋላ ማከም ጀምሪ። ሦስቱም መሻሻል የጀመሩት የየራሳቸው ሕክምና በተጀመረበት ጊዜ ከሆነ፣ ለውጡን ያመጣው ጊዜ ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል። በአንድ ታካሚ ላይም ይቻላል፤ መጋገር፣ ውኃ መቅዳትና ሱጁድ መውረድን ሦስቱንም እየለካሽ በመጀመሪያ አንዱን ብቻ አሠልጥኚ። ያልተነካው ሁለቱ ባለበት ቆሞ የሠለጠነው ከተንቀሳቀሰ መልእክቱ ግልጽ ነው። የሚቆይ ታካሚ የሕክምና ዕድሉን እንዳያጣ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መቆየቱ ሊጎዳው የሚችል ከሆነ እሱን ለጥናት አትያዢው።

ሁለት መሆናችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የራስሽን ታካሚ ራስሽ አትለኪ። ባልደረባሽ ያንቺን ይለካ፣ አንቺ የእሱን። ሲለካም ሕክምናው መቼ እንደተጀመረ ባያውቅ ይመረጣል። «የለካው ሰው ከሕክምናው ገለልተኛ ነበር ወይ?» የሚለው በዓለም ታላላቅ ጆርናሎች ላይ የሚወጣ ጥናት የሚጠየቀው ጥያቄ ነው፤ እናንተ ያለ አንዳች ወጪ ትመልሱታላችሁ።

ከምታይው በተጨማሪ ታካሚዋ ራሷ የምትሰጠው ግምት ያስፈልጋል። የካናዳ የሥራ ክንውን መለኪያ የሚባለው የተሠራው ለዚህ ነው፤ ሰውየው የመረጣቸውን ችግሮች ምን ያህል እንደሚሠራቸውና በአሠራሩ ምን ያህል እንደሚረካ ከ1 እስከ 10 ይሰጣል። ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ለውጥ እንደ ቁም ነገር ይቆጠራል። መለኪያው በገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ሆስፒታሉን ጠይቂ። ቁጥር መስጠት ለከበደው የገጠር ሰው አሥር ባቄላ ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ «ከዚህ ውስጥ ስንቱን ይሰጡታል?» ማለት ይቻላል። ብቻ እንዲህ ማድረግሽን በጽሑፍሽ አትደብቂ፤ በሌላ ቀን ደግመሽ ጠይቀሽም መልሱ መቀራረቡን እዪ።

የቀጠሮ ቀን ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ መረጃ የሚጠፋው ግን በእሱ ነው። የባቲ ሰው ሰኞ ገበያውን ትቶ አይመጣም። በአጨዳ ወቅት አትጠብቂው። በረመዳን የጾመኛ ጉልበት ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው፤ የመነሻ ልኬት ከረመዳን በፊት፣ ቀጣዩ በረመዳን ውስጥ ከዋለ ንጽጽሩ ተበላሸ። በበዓለ ወልድ ወይም በማርያም ቀን «ዛሬ አልሠራም» ያለ ገበሬ ደግሞ «አልቻለም» ተብሎ እንዳይመዘገብ። አለመቻልና አለመሥራት በሙያችን ውስጥ ሰፊ ልዩነት አላቸው፤ በቅጽሽ ላይ ለሁለቱ የተለያየ ሳጥን ይኑር።

ስለ ፈቃድ። ሥራሽን ለማሻሻል መመዝገብ የዕለት ግዴታሽ ነው፤ ለማሳተም ካሰብሽ ግን መረጃ መሰብሰብ ሳትጀምሪ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘት አለብሽ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ ላይ ስለሆነ ከዚያ ካሉ መምህራን አንዱን የጥናቱ ተባባሪ ማድረግ መንገዱን ያቀልላል። ለእኔ ከወረቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሉኝታ ነው። አንቺ እያከምሽው «በጥናቱ ይሳተፋሉ?» ብትይው አንድም ወሎዬ ፊትሽን አያሳፍርም፤ «እሺ ልጄ» ይላል። ፈቃድ አይባልም ይህ። ፈቃዱን ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ የማታክም ነርስ ትጠይቅ፤ ቅጹም በአማርኛ ተነብቦለት፣ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ በማግስቱ ይመልስ። አማርኛ ለማይቀናው የከሚሴ ወይም የባቲ ሰው በኦሮምኛ።

ገንዘቡን አትፍሪው። እንዲህ ያለ ጥናት የሚጠይቀው የወረቀት ማባዣ፣ ለቀጠሮ ማስታወሻ የሚሆን የስልክ ካርድ፣ ለጥቂት የቤት ጉብኝቶች መጓጓዣና የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ነው። ከሁሉ የሚወደደው ጊዜ ነውና ለአስተዳደሩ የምትጽፊው ደብዳቤ ክፍል ሳይሆን በሳምንት ግማሽ ቀን ይጠይቅ፤ ያ ግማሽ ቀን ታካሚ እንደማይያዝበት በፕሮግራም ላይ ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ጉባኤ ተሐድሶን በጤና ሥርዓት ውስጥ ስለ ማጠናከር ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች የተሐድሶ ምርምርን እንዲያበረታቱ ጠይቋል፤ ይህን በደብዳቤሽ ውስጥ መጥቀስ በኃላፊዎች ዘንድ ክብደት ይኖረዋል።

የሙያው ሰዎች በጋራ ሊያደርጉት የሚችሉትም አለ። የአሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ለምርምርና ለትምህርት የሚሆን የራሳቸውን ፋውንዴሽን አቋቁመዋል። እኛ ጥቂት ነን፤ ለአንድ ዕቁብ ግን እንበቃለን። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባና ደሴ ያሉ ቴራፒስቶች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ በዓመት ለአንድ አነስተኛ ጥናት ቢሰጡ ዕጣው የደረሰው ለሌሎቹ የጥናቱን ቅጽና መረጃ መልሶ ያካፍላል። ገንዘብ ከማዋጣት በፊት እንኳ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅጽ መመዝገብ ቢስማሙ የአንቺ አምስት ታካሚዎች ከጎንደሮቹ አምስት ጋር ይደመራሉ። ምርምር መሥራት የማይፈልግ ባልደረባም በዚህ መንገድ ይረዳል፤ በትክክል የሞላው ካርድና በጊዜው የላከው ታካሚ ለጥናቱ ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። ስሙንም በምስጋናው ላይ አትርሺ።

ጆርናል አናገኝም ላልሽው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለ የጤና ጆርናሎች ማንበቢያ ድረ ገጽ በኢትዮጵያ ላሉ ተቋማት በነፃ ይከፈታል። የይለፍ ቃሉ የሚገኘው በተቋም ስም ስለሆነ የሆስፒታሉን ወይም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። የደቡብ አፍሪካ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ጆርናል ደግሞ ለማንም ክፍት ነው፤ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ኑሮ ስላለው ከአሜሪካው በፊት እሱን አንብቢ። ስታሳትሚ በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ጋብዞ በሳምንት ውስጥ እናወጣለን፣ ገንዘብ ላኪ ከሚል አሳታሚ ራቂ። ፕሮፌሰር አለመሆንሽን እንኳ አላጣራም።

የሁለተኛ ዲግሪውን ነገር በአጭሩ፦ አትጠብቂ። ተምሪ፤ ግን መረጃ ይዘሽ ግቢ። ባዶ እጁን የገባ ተማሪ አማካሪው በሚሰጠው ርዕስ ይጽፋል፤ ርዕሱም ብዙውን ጊዜ ያ «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» ነው። ርዕስ ከፈለግሽ ደግሞ ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ፤ ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ታካሚዎች መድረሻ ሆኖ የኖረ ነው። ሥጋ ደዌ የእጅን ስሜት ስለሚገድል ሰውየው ሲቃጠል አያውቀውም። ሳልሳ የሚባል ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ ለእነዚህ ሰዎችና ነርቫቸው ለተጎዳ የስኳር ሕመምተኞች ተሠርቷል፤ ስለ ተግባር ችግርና ራስን ከአደጋ ስለ መጠበቅ ይጠይቃል። ስለ ምጣድ፣ ስለ ጀበና እጀታ፣ ከምድጃ ፍም ስለ መጫር ግን አይጠይቅም። ስሜት በሌለው እጅ የምትጋግር ሴት በየትኛው የመጋገር ደረጃ ላይ እንደምትቃጠል አጠገቧ ተቀምጦ መመዝገብ፣ ከዚያ እጀታውን በጨርቅ መጠቅለልና የማውጫ ሰፌዱን አያያዝ መቀየር ቃጠሎውን ይቀንሰው እንደሆነ መለካት፤ ይህ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል፣ ለሁለት ሰውም አይከብድም።